ኩልሱምና «የሚተላለፍ» የሚለው ቃል

ባለፈው ሳምንት በረንዳዬ ላይ ቁጭ ብዬ የደረቀ ከርከዴ እለቅማለሁ። ልጄ ከውስጥ ሬዲዮ ከፍቷል። ድምጿ ማር የሆነ አንዲት ልጅ ስለ ጤና ታወራለች። «ተላላፊ ካልሆኑ በሽታዎች መካከል በዘር የሚተላለፉት ይገኙበታል» አለች፤ አለችና ሌላ ነገር እንዳልተናገረች ሁሉ ወደ ሙዚቃ አለፈች። እኔ ግን ሰፌዱን አስቀምጬ ተነሣሁ። እስቲ ፍረዱኝ። ተላላፊ ካልሆኑት መካከል የሚተላለፉት ይባላል? ሰሚው ምን ብሎ ይረዳው?

«እማ፣ ደግሞ ከሬዲዮ ጋር ትጣዪ ጀመር?» አለኝ ልጄ እየሳቀ።

«ከሬዲዮም እጣላለሁ። ዝጋልኝ» አልኩት።

ዘጋው። ልጄ ቁጣዬን ያውቀዋል፣ ከየት እንደመጣ ግን አያውቅም። ለሱም ነግሬው የማላውቀውን ነው እንግዲህ የምጽፈው።

ያኔ ክልላችን ገና መቋቋሙ ነበር። «ቤኒሻንጉል ጉሙዝ» ማለት ለአፋችን ስላልለመደ ሰዉ ሁሉ «ክልል ስድስት» ነበር የሚለው። አሶሳ ውስጥ ቢሮ የሚሆን ቤት ጠፍቶ፣ በሰፈራው ዘመን የእህል መጋዘን የነበረው ሁሉ በቀርከሃ እየተከፈለ መምሪያ ሆነ። ጠዋት አንዱ ክፍል ላይ የተለጠፈው ስም ከሰዓት ሌላው ላይ ይገኛል። ግን ደስ ይል ነበር፣ አልዋሽም። የአገሩ ልጅ በቋንቋው ሊማር ነው፣ የራሱ ሰው ሊያስተዳድረው ነው ተባለ። በየስብሰባው ይህንን ያልተናገረ ሹም አልነበረም። ችግሩ በበርታኛ የሚያስተምር አስተማሪ ከየት ይምጣ የሚለው ነበር። ስለዚህ ትንሽ ፊደል የቆጠሩ ወጣቶች ተሰብስበው ቶሎ ሠልጥነው እንዲወጡ አንድ ኮርስ ተከፈተ።

እኔ የሰፋሪ ልጅ ነኝ። ወላጆቼ በድርቁ ጊዜ ከወሎ ተጭነው ሲመጡ ከፍ ያልኩ ልጅ ሆኜ አብሬያቸው ነው የመጣሁት። ያደግሁት ከከተማው ወጣ ብለው በቁጥር ከሚጠሩት አምባዎች በአንዱ ነው። በርታኛዬ የገበያ ነበር፤ «ስንት ነው»፣ «ቀንሺልኝ» እና «ውድ ነው» ከሚለው አያልፍም። ለሰፋሪው መንደር አማርኛ የሚያስተምርም ይፈለጋል ብለው እኔንም ወሰዱኝ። ሴቶቹ ስምንት ነበርን፣ በአንድ መጋዘን ውስጥ እንተኛለን። ኩልሱም አልጋዋ ከኔ ቀጥሎ ነበር።

ኩልሱም በርታ ናት፤ ከመንጌ መንገድ ገባ ብሎ ካለ መንደር የመጣች። ከመንደሯ ያን ያህል የተማረች ሴት እሷ ብቻ ነበረች። ረጅም፣ ቀጭን፣ የዓይኗ ነጭ ሁልጊዜ ወደ ቢጫ የሚያደላ ልጅ ናት። አማርኛዋ ጥሩ ነበር፣ ብቻ በሷ አማርኛ ዓለም ሁሉ ወንድ ነው። ገና ስገባ «ሰዓዳ መጣ» ትለኛለች።

«ወንድ አደረግሽኝ አይደል?» ስላት፣

«አንተ ወንድ ቢሆን እኔ አገባህ ነበር። ግን ብዙ ይቆጣል አንተ» ትለኛለች። በሳቅ እሞታለሁ።

አማርኛዋ ላይ የሚስቅባት ሞልቶ ነበር። ልጆች ፊት ስትቆም ግን ሳቂው ሁሉ ጸጥ ይላል። ለልምምድ ከሰፈሩ የበርታ ልጆች ተሰብስበው መጥተው እያንዳንዳችን ቁጥር እንድናስተምር ታዘዝን። እኛ ስንለፈልፍ ልጆቹ ዝንብ ያባርራሉ። ኩልሱም ስትነሣ የማሽላ ፍሬ በመዳፏ ይዛ ነበር። ምን እንዳለቻቸው አላውቅም፤ ልጆቹ ግን መጀመሪያ ሳቁ፣ ከዚያ ተሽቀዳድመው ይቆጥሩ ጀመር፣ ትምህርቱ ሲያልቅ እየተከተሏት እስከ መኝታ ቤታችን ድረስ መጡ። አስተማሪ ማለት ይህች ናት ብዬ የዚያን ቀን ነው ያወቅሁት። እሷም አውቃዋለች። «ሌላ ሥራ አልፈልግም። አስተማሪ ብቻ» አለችኝ።

እግሯ ላይ ቁስል ነበራት። ከግራ ቁርጭምጭሚቷ በውስጥ በኩል፣ የቡና ስኒ አፍ የሚያህል። ዙሪያው ያበጠ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ቆዳ ጠቁሮ፣ ደርቆ፣ የሚያብለጨልጭ። ጨርቅ በፈላ ውሃ እያጠበች ትጠቀልለዋለች፣ በረጅም ቀሚስ ትሸፍነዋለች። ከቀኝ እጇም አንዷ ጣት አጠር ትላለች። ሕፃን ሳለች እጅና እግሯ አብጦ እንደነበር፣ እብጠቱ ሲጎድል ያቺ ጣት እንደ እህቶቿ ሳታድግ እንደቀረች እናቷ ነግራታለች። ይህ ሁሉ ግን ከሕመሟ አይብስም። የአሶሳ ክረምት ረጅም ነው። በርሜል ውስጥ ባደረ ውሃ ታጥባ ወይም ዝናብ መቷት የመጣች ቀን አጥንቷን ይይዛታል። ሻርፗን ነክሳ ሁለትና ሦስት ቀን ትተኛለች። ስታቃስት ያልሰማ ከመካከላችን አንድም ሰው አልነበረም። ይህንን ያዙልኝ፤ ሁሉም ሰምቷል።

የመኝታ ቤት ኃላፊያችን እትዬ ብርቄ ይባላሉ። የነቀምት ሴት ናቸው፣ ጸሎተኛ፣ ክፋት የማያውቁ የሚመስሉ። አንድ ቀን ኩልሱም ያሰጣችውን የቁስል ጨርቅ አይተው ገቡና ቀሚሷን ገለጥ አድርጋ እንድታሳያቸው ጠየቋት። አሳየቻቸው።

«ያ ዋቀዮ። ይሄ ከምን መጣብሽ፣ ልጄ?»

ኩልሱም መዋሸት አታውቅም። «የቤታችን ነው፣ እትዬ። ወንድሜ ደግሞ ነበረ። ሞተ» አለቻቸው።

«የዘር ነው እንዴ?»

«አዎ። የዘር» አለች።

አለቀ። ለደገኛ «ቁስል»፣ «አጭር ጣት» እና «የዘር» ብላችሁ ሦስቱን አንድ ላይ ከነገራችሁት ምን እንደሚሰማ ታውቃላችሁ። በወሎም፣ በወለጋም፣ በጎጃምም ስጋ ደዌ በዘር ይመጣል ነው የሚባለው። «ከነሱ ቤት አትጋባ» ይባላል። ኩልሱም እውነቷን ተናገረች፣ እሳቸው የሰሙት ግን «ቆማጣ ነኝ» ያለች ያህል ነው። ካነጋገር ይፈረዳል፣ ካያያዝ ይቀደዳል የሚሉት ይሄ ነው።

እስከ ምሳ ድረስ ግቢው ሁሉ ሰማ። ከምሳ በኋላ የኩልሱም ኩባያ ጆሮ ላይ ቀይ ክር ታሠረ፣ ሌላው እንዳይሳሳት። ማታ ሌሎቹ ሴቶች አልጋቸውን እየጎተቱ ወደ ወዲያኛው ግድግዳ ሄዱ። እኔ የኔን ወደሷ አስጠጋሁ። ጀግና ሆኜ እንዳይመስላችሁ፣ እልኸኛ ስለሆንኩ ነው፤ ሰው ሁሉ ወደ ግራ ሲሄድ ወደ ቀኝ መሄድ ከልጅነቴ አለብኝ። ኩባያዬን ወስጄ እኔም ቀይ ክር አሠርኩበት። እትዬ ብርቄ አይተው «ምነው ሰዓዳ፣ ጤናሽን ብትጠብቂ» አሉኝ፣ እንደ እናት በሚያዝን ድምፅ። የሚያናድደኝም ይሄው ነው። የሚሰድብሽን ሰው መልሰሽ ትሰድቢዋለሽ፣ እያዘነ የሚያባርርሽን ምን ታደርጊዋለሽ?

የኮርሱ አስተባባሪ አቶ ታደለ ከመሀል አገር የተመደበ፣ ንግግር የሚያምርለት ሰው ነበር። ወሬው ሲደርሰው ኩልሱም ሆስፒታል ትመርመርና ውጤቱ ለኮሚቴ ይቅረብ አለ። ተላላፊ ከሆነ ትወጣለች፣ ካልሆነ ትቀጥላለች። ጥያቄው ደግ ጥያቄ ነበር። እኔም ደስ ብሎኝ ይዣት ሄድኩ።

ሐኪሙ ገና ልጅ ነበር፣ ከትምህርት ቤት ከወጣ ብዙ ያልቆየ። ኩልሱምን ዓይንሽን ጨፍኚ አላትና በጥጥ ጫፍ የቁስሉን ዳር፣ ጣቷን፣ ክንዷን ነካ ነካ አደረገ።

«ነካሁሽ?»

«ነካ።»

«እዚህስ?»

«ነካ። ያመኛል፣ ዶክተር።»

ጥጡን ጣለና ወደኔ ዞረ። «ስጋ ደዌ ቢሆን ይሄን አትሰማውም ነበር። የስጋ ደዌ ቁስል አያምም፣ የደነዘዘ ነው። ያማታል ወይስ አያማትም ብሎ የጠየቀ ሰው የለም?»

መጠየቅም አያስፈልግ ነበር፣ ስታቃስት ሁላችንም እየሰማን ነበር የምንተኛው።

ከዚያ ከጣቷ ደም ወስዶ በመስታወት ላይ አደረገው። ብዙ ጠበቅን። በኋላ ጠርቶ በማይክሮስኮፑ አሳየኝ። ክብ ክብ ከሆኑት መካከል የተቆለመሙ፣ ጫፋቸው የሾለ ነገሮች ነበሩ። «ማጭድ አይመስልም?» አለኝ። ይመስላል። የሷ ደም እንደዚህ ይቆለመምና በቀጭኑ የደም ሥር ውስጥ ይሰካል አለኝ። ሲሰካ አጥንቷን ያማታል፣ ቶሎ ቶሎ ስለሚፈርስ ዓይኗን ቢጫ ያደርጋል፣ ቁርጭምጭሚት ጋ ደግሞ ደም ስለማይደርስ ቆዳውና ከሥሩ ያለው ሥጋ ተርቦ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ አንዴ ከቆሰለ ለመዳን ዓመት ይፈጃል። ግማሹን ከእናቷ ግማሹን ከአባቷ ወሰደችው፣ እነሱ ግን ግማሽ ግማሹን ብቻ ስለያዙ ጤነኞች ናቸው። ማንንም አይዝም። እግሯን ከፍ አድርጋ ትቀመጥ፣ ብርድ አይምታት፣ ውሃ ትጠጣ፣ ከሁሉም በላይ ብዙ አትራመድ። ትምህርት? ለምን አትማርም? ተቀምጣ የምትሠራው ሥራ ለሷ የተፈጠረ ነው አለ።

«እኔ ራሴ መጥቼ እነግራቸዋለሁ» ሲለኝ እጁን ልስም ምንም አልቀረኝ።

መጣም። ኮሚቴው አቶ ታደለ፣ እትዬ ብርቄና ሁለት ሌሎች ሰዎች ነበሩ። ኩልሱም ስለ ራሷ ጉዳይ ትሰማ ተባለ፣ እኔም አብሬያት ገብቼ በሩ ሥር ቆምኩ። አቶ ታደለ ሳያወላዳ ጠየቀ።

«ዶክተር፣ ባጭሩ ይንገሩን። ተላላፊ ነው ወይስ አይደለም?»

«አይደለም» አለ ሐኪሙ። በዚያ ቢያቆም ምን ነበረበት? የተማረ ሰው ግን ያላብራራ አይመስለውም። «በዘር የሚተላለፍ የደም በሽታ ነው» ብሎ ጨመረ።

አቶ ታደለ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ።

«ይተላለፋል ማለት ነው እንግዲህ።»

«በዘር ነው ያልኩት፣ አቶ ታደለ።»

«እኮ፣ በዘር። ስጋ ደዌም እኮ የዘር ነው። እኛም አገር እናውቀዋለን።»

ሐኪሙ ፊቱ ቀላ። «ስጋ ደዌ የዘር አይደለም! ስጋ ደዌ ከሰው ወደ ሰው የሚያልፍ ነው፣ የዘር አይደለም። የሷ የዘር ነው፣ ከሰው ወደ ሰው አያልፍም። ነገሩን ገለበጣችሁት።»

«አሁን ይተላለፋል አላሉንም?»

«ከወላጅ ወደ ልጅ!»

«እሺ፣ ይተላለፋል አይደል?»

ከአፍ የወጣ አፋፍ። ያ ልጅ ሐኪም የፈለገውን ቢያስረዳ ያቺን ቃል መልሶ ሊውጣት አልቻለም። ትምህርቱን በእንግሊዝኛ ነው የተማረው፣ አማርኛው ያቀበለው ቃል ይህች ናት። በአንድ ቃል ጉንፋንንም ውርስንም የሚጠራ ሰው መሀል ቆሞ ምን ያድርግ? ከኮሚቴው አንዱ በሹክሹክታ «ሐኪሙ ራሱ ይተላለፋል ብሏል» ሲል ሰማሁት። እንግዲያ ለምን ጠየቃችሁት?

በዚህ መሀል ኩልሱም ተነሣች። ማንም ተናገሪ አላላትም።

«እኔ በሽታ ለሰው አልሰጠም» አለች። «እናቴ ሰጠ ለኔ። አባቴ ሰጠ ለኔ። እነሱ አያውቅም ነበር። እኔ ልጅ የለም። ባል የለም። ለማን ነው እኔ የምሰጠው?»

ሐኪሙ ሌላ ሦስት ዓመት ቢማር ከዚህ የተሻለ አያስረዳም። እነሱ ግን ሳቁ። «እናቴ ሰጠ» አለ አንዱ፣ አነጋገሯን እየደገመ። አቶ ታደለም ፈገግ አለ። እትዬ ብርቄ አልሳቁም፣ መሬት መሬት ያዩ ነበር፤ ግን አንዲት ቃል አልተነፈሱም። አልሳቁም ብዬ ላመስግናቸው?

ውሳኔው «ለራሷ ጤና ሲባል» የሚል ነበር። ቤቷ ሄዳ ታርፋለች፣ ቁስሉ ሲድን ተመልሳ ትቀጥላለች። ዓመት የሚፈጅ ቁስል ሲድን፣ ለጥቂት ወራት በተከፈተ ኮርስ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። በዚያው ሰሞን አቶ ታደለ በአዳራሹ ቆሞ «የዚህ ክልል ልጆች በራሳቸው ልጆች ይማራሉ» ብሎ ሲናገር አጨበጨቡለት። እኔ የተጣጠፈ እጄን አልፈታሁም።

ወደ መንጌ የሚሄድ የጭነት መኪና ላይ ስትሳፈር ሣጥኗን የተሸከምኩላት እኔ ነኝ። እትዬ ብርቄ ለስንቅ ዳቦ ጋግረው መጡ። ኩልሱም ለመቀበል ሁለት እጇን ዘረጋች። እሳቸው ዳቦውን እጇ ላይ ሳይሆን ሣጥኑ ላይ አስቀመጡት። «ጌታ ይማርሽ፣ ልጄ» አሉ። ኩልሱም የተዘረጋ እጇን ቀስ ብላ ሰበሰበች። መኪናው ሲነሣ ቀዩ አቧራ እሷንም ዳቦውንም ሸፈነ።

ኮርሱ ሲያልቅ ምደባ ተነበበ። ቀልድ አይደለም የምነግራችሁ፤ ስሜ የተጠራው ለኩልሱም መንደር ነው። በርታኛ የማታውቅ የሰፋሪ ልጅ፣ የበርታ ልጆችን በበርታኛ እንድታስተምር። «ቋንቋውን አልችልም እኮ» አልኩት አቶ ታደለን።

«ትለምጂዋለሽ። ለዚያ ቦታ ሌላ ሰው የለንም» አለኝ።

ሌላ ሰው የለንም። እንዲህ ሲል ዓይኑን እንኳ አልሰበረም፤ ረስቷታል።

ትምህርት ቤቱ ግድግዳው ቀርከሃ፣ ጣራው ሣር ነበር። ልጆቹ አፌን እያዩ ይቀመጣሉ፣ እኔ እለፈልፋለሁ፣ አንዳችን ሌላችንን አንሰማም። አንድ ጠዋት ኩልሱም የቀርከሃ ዱላ ተመርኩዛ መጣች። ቤቷ እዚያው ቅርብ ነበር። በሩ አጠገብ ተቀምጣ እግሯን በርጩማ ላይ ሰቀለችና «አንተ በአማርኛ ተናገር፣ እኔ እነግራቸዋለሁ» አለችኝ። መጀመሪያ ተረጎመችልኝ። ወሩ ሳያልቅ መተርጎሙ ቀረ፤ እሷ ታስተምራለች፣ እኔ ጠመኔ ይዤ ያለችውን እጽፋለሁ። አስተማሪዋ ማን እንደሆነች ለልጆቹ የነገራቸው የለም፣ አልጠፋቸውም ግን። እናቷ በየምሳው የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ ይዘው ይመጣሉ፤ ሁለታችንንም እኩል ያጎርሱናል። ሕመሟ የጠናባት ቀን ኩልሱም አትመጣም፣ ልጆቹም እኔን አይተው ወደ በሩ ያያሉ። ቢያንስ ረዳት ተብላ ትቀጠር ብዬ አሶሳ ድረስ እየተመላለስኩ ለመንኩ። «ጤንነቷ ሲረጋገጥ» ከማለት ሌላ መልስ አላገኘሁም።

ሁለተኛው ዓመት ላይ፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ መኪና መጣ። አቶ ታደለ ሹመቱ ከፍ ብሎ ትምህርት ቤቶችን ሊጎበኝ ነው። ሳንሰማው በሩ ላይ ቆሞ ኖሯል። ልጆቹ በተራ እየተነሡ ያነባሉ፣ ኩልሱም ተቀምጣ ታርማለች፣ ቀሚሷ እስከ መሬት ነው። ሲያልቅ አጨበጨበ። ገብቶ በሁለት እጁ ጨበጣት።

«ይሄ ነው እኮ የምንፈልገው! እንዲህ ያለች ልጅ እዚህ ተደብቃ? ለምንድነው አንቺ ሥልጠና ያልገባሽው?»

ኩልሱም አየችው። አልተቆጣችም፣ እኔ እንጂ።

«ገብቶ ነበር፣ ጋሼ» አለችው።

«እና?»

«እርስዎ አስወጣ።»

አቶ ታደለ ፈገግታው አልጠፋም። ወደኔ ዞረና፣ አስተርጓሚ እንደሚያስፈልገው ሰው፣ «ምን ማለቷ ነው?» አለኝ።

«ምንም አልተሳሳተችም» አልኩት። «እርስዎ አስወጧት ነው የምትልዎ። ይተላለፋል ብለው።»

ያኔ አስታወሳት። መጀመሪያ ዓይኑ ወደ ጣቷ ሄደ፣ ቀጥሎ ወደ ቀሚሷ ጫፍ። ያፍራል ብዬ ጠበቅሁ፣ አንዲት ቃል፣ ይቅርታ ባይሆን እንኳ ሌላ ነገር ይላል ብዬ። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። ምን እንዳደረገ ራሱም ያወቀ አይመስለኝም። ጠረገና «በርቱ» ብሎን ወጣ፣ መኪናው ተነሣ።

ኩልሱም ልጆቹን ወደ ውጪ ከሰደደች በኋላ «ሰዓዳ፣ አማርኛው ልክ ነበር?» አለችኝ።

«ልክ ነበር» አልኳት። «እንደዛሬ ልክ ሆኖ አያውቅም።»

ከዚያ በኋላ ለጥቂት ዓመታት አብረን አስተማርን። አንድ ክረምት ትኩሳት ያዛት፣ ደረቷን ወጋት፣ ወንዙ ሞልቶ መኪና አያሳልፍም ነበር፣ አረፈች። አላህ ይርሀማት። እስከ መጨረሻዋ ቀን ድረስ ደመወዝተኛዋ እኔ ነበርኩ።

ዛሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ስሰናበት «የአካባቢውን ልጆች በቋንቋቸው ያስተማረች» ብለው በአደባባይ አሞገሱኝ። ያስተማረቻቸው እኔ አይደለሁም ብዬ ስነሣ ትሕትና መሰላቸውና የበለጠ አጨበጨቡ። ክፍል ውስጥ በነበርኩበት ዘመን ሁሉ መጽሐፉ «በዘር የሚተላለፍ» የሚለውን እኔ «የሚወረስ» እያልኩ ነበር የማስተምረው። መሬት ይወረሳል፣ ላም ትወረሳለች፣ ወራሽ አጠገብ ለመቀመጥ የፈራ ሰው ታይቶ አይታወቅም። ያን ቀን ሐኪሙ አፍ ላይ ይህች ቃል መጥታ ቢሆን ኖሮ እያልኩ ብዙ ጊዜ አስባለሁ። ቆይቼ ግን በራሴ እናደዳለሁ። ሰውን ለማስወጣት የተነሣ ሰው ቃል አያጣም።

ይህን ያወራኋቸው ሰዎች «ተዪው፣ ጊዜው ነው፣ ያኔ ማን ያውቅ ነበር» ይሉኛል። ማን ያውቅ ነበር? ሐኪሙ ያውቅ ነበር፣ መጥቶም ተናግሯል። እሷ ታውቅ ነበር፣ ተነሥታ ተናግራለች፣ ተሳቀባት። ኩልሱምን በሽታዋ ገደላት፣ ይህንን አልክድም፤ እሱ ከእናት ከአባቷ የመጣ ነው፣ ማንንም አልከስበትም። ከመሞቷ በፊት ግን አስተማሪ ተብላ ልትጠራባቸው የምትችል ዓመታት ነበሯት። እነሱን የወሰደባት ደሟ አይደለም።